የማጽናኛ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? የሊንከንን ደብዳቤዎች እያየን

ለቅሶ መድረስ የምትችሉ ከሆነ ሂዱ። ይህ ጽሑፍ መሄድ ላልቻለ ሰው ነው። ጓደኛችሁ አዲስ አበባ አባቷን ቀብራለች፤ እናንተ ዳላስ ወይ ሪያድ ሥራ ላይ ናችሁ። ቴሌግራም ትከፍታላችሁ። «ነፍስ ይማር» ትሉና ሻማ ትለጥፋላችሁ። ክፋት የለውም። ግን ያንኑ ሻማ ስንቱ ልኮላታል።

ከዚያ የተሻለ ለመጻፍ አስተማሪ ከተፈለገ፣ ከመሪዎች መካከል አብርሃም ሊንከንን የሚያህል አላውቅም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ፕሬዚዳንት ነበር። በዚያ ሁሉ ጣጣ መሀል ተቀምጦ ልጅና አባት ለሞተባቸው ሰዎች ደብዳቤ ጽፏል። ሦስቱን እያየን እንጻፍ።

መጀመሪያ አጣሩ

እኛ ጋ ከሁሉም የሚቀድም ጥያቄ አለ። መርዶው ተነግሯል ወይ? ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው እስኪነግሯት ድረስ ቤተሰብ የደበቀውን ሞት፣ የእናንተ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ቀድሞ ሊያፈነዳው ይችላል። ለአንድ ቅርብ ዘመድ ደውሉ። በዚያው ስልክ ማን እንደሞተና መቼ እንደሞተ በትክክል ጠይቁ። ስም አትሳቱ።

ከሊንከን ደብዳቤዎች በጣም ዝነኛው የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1864 ቦስተን ለምትኖር ሊዲያ ቢክስቢ ለተባለች እናት ተጻፈ። አምስት ወንዶች ልጆቿ በጦር ሜዳ እንደሞቱ ይናገራል። ሲጣራ ግን በጦርነቱ መሞታቸው የተረጋገጠው ሁለቱ ናቸው። ስህተቱ የሊንከን ሳይሆን መረጃውን ያቀበሉት ሰዎች ነው፤ ደብዳቤው የወጣው ግን በሱ ስም ነው። ይባስ ብሎ ደብዳቤውን የጻፈው ጸሐፊው ጆን ሄይ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ እስካሁን አልሞተም። ቋንቋው እጅግ ያምራል። እኔ ግን ከሦስቱ የመጨረሻውን ደረጃ የምሰጠው ለዚህ ነው። የትኛዋም ልጇን ያጣች እናት ስም ቢገባበት ያስኬዳል።

ለአንድ ሰው ጻፉ

«ለመላው ቤተሰብ፣ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ» የመሥሪያ ቤት መግለጫ ነው። እናንተ መሥሪያ ቤት አይደላችሁም። አንድ ሰው ምረጡ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1862 ሌተናንት ኮሎኔል ዊልያም ማኩሎ ሚሲሲፒ ውስጥ በውጊያ ተገደለ። ከጦርነቱ በፊት ብሉሚንግተን በምትባለው የኢሊኖይ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጠበቃው ሊንከን በደንብ ያውቀዋል። ሊንከን የጻፈው ግን ለማኩሎ ወጣት ልጅ ለፋኒ ነው። እናቷን ያነሳት መጨረሻ ላይ፣ ሰላምታ ሲልክ ብቻ ነው። ለምን እሷን እንደመረጠ ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። የደጉና የጀግናው አባቷን ሞት በታላቅ ሐዘን እንደሰማ ይናገራል፤ ይልቁንም ሐዘኑ የሷን ልብ ከተለመደው በላይ እንደጎዳው መስማቱን ይነግራታል።

ይህን አጀማመር ቅዱት። ማን እንደሞተ፣ እናንተ እንዴት እንደሰማችሁ፣ ስለ እሷ ምን እንደሰማችሁ። ስለ ሕይወት ከንቱነት የሚያወራ መግቢያ አያስፈልግም።

ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ

የደብዳቤው ሥጋ ይህ ነው። ጊዜ የምታጠፉትም እዚህ ላይ ይሁን።

ኤልመር ኤልስወርዝ በስፕሪንግፊልድ የሊንከን የጥብቅና ቢሮ ውስጥ የሠራ ወጣት ነው። ሊንከን ለፕሬዚዳንትነት ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ አብሮት ተጉዟል። ጦርነቱ እንደጀመረ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1861፣ ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ከአንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ የተገንጣዮቹን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ አውርዶ ደረጃውን ሲወርድ የሆቴሉ ባለቤት ተኩሶ ገደለው። ዕድሜው 24 ነበር። አስከሬኑ ኋይት ሀውስ ገባ። ሊንከን በማግስቱ ለወላጆቹ ጻፈ።

ስለ ወታደርነት ችሎታው አሞግሷል፤ ይህን ጋዜጦቹም ብለውታል። ቀጥሎ ግን ጋዜጣ የማያውቀውን ጻፈ። ልጁ ከአፉ ክፉ ቃል ሲወጣ ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ወላጆቹንም ፈጽሞ ረስቶ እንደማያውቅ። እስቲ አስቡት። ልጇ ከቤት ከራቀ በኋላ ምን እንደሚያስብ የማታውቅ እናት ይህን ስታነብ።

እናንተም ቁጭ ብላችሁ አስታውሱ። «ደግ ሰው ነበሩ» አይበቃም። ምን ሲያደርጉ አያችሁ? ምን ይሉ ነበር? ሟቹን በአካል ካላወቃችሁት፣ ጓደኛችሁ ስለ እሱ የነገረቻችሁን መልሳችሁ ንገሯት።

ማጽናናቱን በልክ

«በቃ አታልቅሺ፣ ጠንክሪ» አትበሉ። ሊንከን ለፋኒ ሙሉ እፎይታ ከጊዜ በቀር እንደማይገኝ በግልጽ ነገራት። አሁን መቼም የሚሻላት እንደማይመስላትም አልሸሸጋትም። ከዚያ በኋላ ነው እንደገና እንደምትደሰት የነገራት። ይህን የምለው ከራሴ ተሞክሮ ነው ሲልም አከለ።

ያ ተሞክሮ ምን እንደሆነ አልዘረዘረም። እናቱ የሞተችው የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በዚያው በ1862 የካቲት ላይ ደግሞ ልጁ ዊሊ ሞቶበታል። ሁለቱንም በስም አላነሳም። ደብዳቤው የፋኒ ነውና። የራሳችሁን ሐዘን ከጠቀሳችሁ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «እንደገና ትደሰቻለሽ» የሚለው አባት ለሞተባት ወጣት ሠርቷል። ልጇን ለቀበረች እናት ግን እኔ አልጽፈውም።

መቼ ይላክ?

ዘገየሁ ብላችሁ አትተዉት። ለፋኒ የተጻፈው አባቷ ከሞተ ከ18 ቀን በኋላ ነው። እንዲያውም ትንሽ መዘግየቱ ጥሩ ነው። ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሳል፣ እንግዳው ይቀንሳል፣ ስልኩም ዝም ይላል። የዚያን ጊዜ የመጣ ደብዳቤ በደንብ ይነበባል።

ርዝመቱ አያስጨንቃችሁ። የፋኒው በእንግሊዝኛ ሁለት መቶ ቃል አካባቢ ነው። በእኛ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውድ እህቴ፣ የጋሼን ማረፍ ከወንድምሽ ሰማሁ። እህል አልቀምስ ማለትሽንም ነገረኝ። ዩኒቨርሲቲ ስንመደብ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውን ነበር። አውቶቡሱ እስኪነሳ መስኮታችን ሥር ቆመው፣ የኔንም ስም ጨምረው ‹ስትደርሱ ደውሉ› ይሉን ነበር። የራሴ አባት ስላልነበረ ያን ቀን አልረሳውም። አሁን ምንም የሚያቀልልሽ ቃል የለኝም። እሑድ ማታ እደውልልሻለሁ። ማውራት ካልፈለግሽ አታንሺው፣ በሳምንቱ ደግሜ እሞክራለሁ። እትዬን ሰላም በይልኝ።»

«የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» እንዳላለ አያችሁ? ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚፈልግ ዝርዝር አያወጣም። ቀኑን እናንተ ቁረጡ።

በእጅ ጽፋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩት ጥሩ። ካልሆነ በውስጥ መስመር ላኩት። ፌስቡክ ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። የቢክስቢ ደብዳቤ በተጻፈ በአራተኛው ቀን የቦስተን ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ለመንግሥት ይመቻል፣ ለጓደኛ አይሆንም። መልስ ባይመጣ አትቀየሙ። ብቻ የእሑዱን ስልክና አርባውን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ።