የሸክላ ሙዚቃን ጥራቱን ጠብቆ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት

ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን እየሰማ ያደገ የወሎ ጆሮ የሸክላውን መንጫጫት ይታገሣል፤ የቅኝቱን መዋዠቅ ግን አይታገሥም። ስለዚህ ሥራው ከፍጥነት ይጀምር። በእነ አምሃ ሪከርድስና ካይፋ (ሸክላ አሳታሚዎች) ዘመን ከወጡት የአገራችን ሸክላዎች አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ናቸው። ሸክላው ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈው፣ መርፌውን አሳርፈው በ3 ደቂቃ 135 ዙር መሙላቱን ይቁጠሩ። ፍጥነቱ በመቶ 6 ከተዛባ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ያህል ይዛነፋል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ቺንጊያ ነው። ዙሩ ልክ ሆኖ ረጅሙ እንጉርጉሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ሸክላው መሐል አልተቀመጠም። የትንንሾቹ ቀዳዳ 38 ሚሊሜትር ስለሆነ በመሐሉ የሚገባው ማስተካከያ በደንብ መግጠም አለበት። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር አይቅዱ፤ ፍሪኩዌንሲው ሲዋዥቅ የብዙ ማጫወቻዎች ሞተርም አብሮ ይዋዥቃል።

የበጋ አቧራ ከቦዩ (መርፌው ከሚሄድበት ቀጭን መስመር) ሳይወጣ መርፌ አይንካው። 3 እጅ ዲስቲልድ ውሃ ከ1 እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል ጋር ይቀላቅሉ፤ በለስላሳ ጨርቅ የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው ይጥረጉ፤ ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ ብቻ ያለቅልቁ። የመሐሉ ወረቀት አይርጠብ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ማዕድን ስለሚተው እሱም ይንጫጫል። ለባትሪ የሚሸጥ ውሃ ከገዙ አሲድ የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ። በ78 ዙር የሚጫወቱትን የድሮ ሸክላዎች አልኮል ያሟሟቸዋል፤ መርፌያቸውም ሌላ፣ ሰፋ ያለ ነው።

መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት የካርትሪጁ (መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) አምራች በሚያዘው ልክ ያድርጉ፤ ለምሳሌ የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው። ለሸክላው አዝኖ ማቅለል ጉዳት ያመጣል፤ የቀለለ መርፌ በቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይፍቃል፣ «ስ» እና «ሽ» ሁሉ ይሰነጠቃል።

ከካርትሪጁ የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ፎኖ ፕሪአምፕ (ይህን ደካማ ሲግናል የሚያጎላና የሚያስተካክል መሣሪያ) የግድ ነው። ድምፁ ቀጭንና ሹል ከሆነ ፕሪአምፑ የለም፤ ከደፈነና ከተሰነጠቀ ሁለት ጊዜ ገብቷል ማለት ነው፤ ከማጫወቻው ጀርባ ያለውን የፎኖና የላይን ማብሪያ ይመልከቱ። ጉምጉምታ ሲኖር የግራውንድ ሽቦውን ያጥብቁ፣ ላፕቶፑንም ከቻርጀር ነቅለው በባትሪ ያሠሩ። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ስለሚቀበል የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) ይጠቀሙ።

በኦዳሲቲ (የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም) 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ መርጠው፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርገው ይቅዱ፤ ዜሮ ከነካ የተቆረጠው አይመለስም። ፋይሉን በዋቭ ያስቀምጡና ዋናውን ሳይነኩ ቅጂው ላይ ይሥሩ። የፕሮግራሙን ቧጨራ ማጥፊያ በጥቂቱ ይጠቀሙ፤ የክራር ምት ከቧጨራ ስለሚመሳሰልበት አብሮ ይበላዋል። ሸክላው ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ከሆነም በስቴሪዮ ይቅዱትና በኋላ ሁለቱን ቻናል ያደባልቁ፤ ሹክሹክታው ይቀንሳል። አንዱ የቦይ ግድግዳ ከተጎዳ ግን ደህናውን ቻናል ብቻ ይውሰዱ።