የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን ምግብ በመግዛትና በመመገብ ረገድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚታተም ቀን አምራቹ የገባው ቃል ነው፤ ቃሉ የሚጸናው ግን እሽጉ እስካልተከፈተና ምግቡ በተባለው የሙቀት መጠን እስከተቀመጠ ድረስ ብቻ ነው። በሱቅም ሆነ በማእድ ቤት የሚፈጸሙት አብዛኞቹ ስህተቶች ይህን ቅድመ ሁኔታ ከመርሳት፣ አለዚያም ቀኑን አሳስቶ ከማንበብ ይመጣሉ።

በአገራችን ቀዳሚው ስህተት የዘመን አቆጣጠር መደበላለቅ ነው። ከውጭ በሚገባ ብስኩት ወይም የታሸገ ዓሣ ላይ ቀኑ የሚጻፈው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ከአገር ውስጥ ምርቶች መካከል ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚታተምባቸው አሉ። በዓመቱ የሚሳሳት ሰው ጥቂት ነው፤ የ7 ወይም የ8 ዓመቱን ልዩነት ሁሉም ያውቀዋል። የሚያታልለው ወሩ ነው። «10/2025» የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ ዓመቱን በልቡ ወደ 2018 ከመለሰ በኋላ 10ኛውን ወር ሰኔ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ምግቡ ግን ጊዜው ያበቃው በኦክቶበር መጨረሻ፣ ማለትም ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በዚህች ስሌት ብቻ ስምንት ወር ያለፈበት ዕቃ ገበታ ላይ ይቀርባል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ በሚመጣ ምግብ ላይ ደግሞ ወሩ ከቀኑ ስለሚቀድም፣ «04/07» ኤፕሪል 7 እንጂ ጁላይ 4 አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ቀኖች በአንድ ዓይን ማየት ነው። «ቤስት ቢፎር» የሚለው ጽሑፍ ምግቡ ጣዕሙና ጥራቱ ሳይጓደል የሚቆይበትን ጊዜ ያመለክታል፤ ስለዚህ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ያልተከፈተ ፓስታ ቀኑ ጥቂት ስላለፈበት ብቻ መርዝ ሆነ ማለት አይደለም፤ መጣሉም ብክነት ነው። «ዩዝ ባይ» ግን በተለይ በአውሮፓ አገሮች ቶሎ በሚበላሹ እንደ ጥሬ ሥጋና ዓሣ ባሉ ምግቦች ላይ የሚጻፍ የደኅንነት ገደብ ስለሆነ ድርድር የለውም። የሕፃናት የዱቄት ወተትም ቀኑ ካለፈ፣ ሽታውና መልኩ ባይለወጥም፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሊያንሱ ስለሚችሉ ለሕፃን መሰጠት የለበትም።

ከቆርቆሮው ወጥቶ በትንንሽ ላስቲክ እየተመዘነ የሚሸጥ የዱቄት ወተት መግዛትም ሌላው ስህተት ነው። ዋጋው ለኪስ ይመቻል፤ የኑሮው ጫና ባለበት ሰዎች ይህን መምረጣቸው አያስገርምም። ሆኖም ቀኑ ከቆርቆሮው ጋር ቀርቷል፤ እሽጉም ስለተከፈተ ቀኑ ቢታወቅ እንኳ ዋስትና አይሆንም። በቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበትን ወይም ጽሑፉ የተፋቀበትን ዕቃ ቅናሹ ምንም ያህል ቢያጓጓ መተው ይሻላል። ጎኑ ወይም ክዳኑ ያበጠ ጣሳም ቀኑ ገና ቢሆን እንኳ ሳይከፈትና ሳይቀመስ መወገድ አለበት።

ብዙዎቻችን አፍንጫችንን እናምናለን። ኮምጠጥ ያለ ወተት ከጠረኑ ይታወቃል፤ እንደ ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ ያሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ግን የምግቡን ሽታም ጣዕምም ሳይለውጡ ሊኖሩበት ይችላሉ። ሊስቴሪያ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል፤ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ውርጃ እስከማስከተል ይደርሳል። ፍሪጁ ራሱ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ የለበትም፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን የሚይዘው በሩ ሳይከፈት ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ በዋለበት ቤት የላስቲክ ወተት ላይ የታተመው ቀን ትርጉሙን አጥቷል።

«አፍልቼ ብጠቀምበት ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ትክክል የሚመስል ስህተት ነው። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ስታፊሎኮከስ አውሪየስ የተባለው ባክቴሪያ አስቀድሞ የለቀቀውን መርዝ ግን አያጠፋም። ሻጋታም እንዲሁ ነው። የሻገተውን ጫፍ ቆርጦ ዳቦውን መብላት፣ ወይም ሻጋታ የታየበትን እንጀራ አጽድቶ ድርቆሽ ማድረግ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዓይን የሚያየው የሻጋታውን ላይኛ ክፍል እንጂ በምግቡ ውስጥ የተዘረጋውን ክር አይደለም። በአግባቡ ባልደረቀ በርበሬ፣ ለውዝና በቆሎ ላይ ከሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ለካንሰር የሚዳርግ ሲሆን፣ ማድረቅም ሆነ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ድርቆሽ የሚሠራው እንጀራው ሳይሻግት ነው።

በመጨረሻ የሚጠቀሰው ስህተት ዕቃው ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ሲታወቅ ማሸጊያውን ጥሎ ዝም ማለት ነው። ማሸጊያውና ደረሰኙ ማስረጃ ስለሆኑ ተይዘው ወደ ሻጩ መመለስ፣ ሻጩ እንቢ ካለም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመሩ በ8482 ደውሎ ማሳወቅ ይቻላል። ሲደወል የምርቱ ስም፣ የመለያ ቁጥሩ (ባች ቁጥር) እና የተገዛበት ሱቅ ቢገለጽ፣ ያው ዕቃ ከሌሎች መደርደሪያዎች ላይ ለመፈለግ ይቀላል።