ፎቶ አልጫን ሲል ፋይሉ የቱ ኬላ ላይ እንደቀረ እንዴት ታገኛላችሁ

ድሬ ውስጥ ሳይት ከሰራሁላቸው ሰዎች አንዷ ታይዋን ገበያ ሽቲና ሻሽ ነው የምትሸጠው፣ አዲስ እቃ ሲገባላት እዛው ቆማ በስልኳ ታነሳና ሳይቷ ላይ ትጭነዋለች። የሆነ ቀን ደወለችና «አቦ ይሄ ነገር አስቸገረኝ፣ አንዳንዱን ፎቶ ይቀበለኛል አንዳንዱን አይቀበለኝም፣ ምንም ሳይል ዝም ብሎ ይመለሳል» አለችኝ። የትኛውን ነው የሚቀበልሽ ስላት ጅምላ ሻጮቹ በቴሌግራም የላኩላት ይገባል፣ ራሷ ያነሳችው አይገባም። እዚጋ ግማሽ መልሱ ተገኘ ማለት ነው፣ ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ከካሜራዋ በቀጥታ የሚወጣው ግን 3 እና 4 ሜጋ ነው፣ ሳይቱ የተጻፈበት ፒኤችፒ (ሰርቨሩ ላይ የሚሰራ የፕሮግራም ቋንቋ) ደግሞ ሴቲንጉን ካልነካችሁት ከ2 ሜጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ሁሌ ግን እንደዚ በአንድ ጥያቄ አይገኝም። ብዙ ጊዜ የማየው ሰው አፕሎድ እምቢ ሲለው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሴቲንግ ሁሉ መቀየር ይጀምራል፣ ፎልደሩን 777 (ለማንም ክፍት) ያደርገዋል፣ ሜሞሪውን ከፍ ያደርጋል፣ የጊዜ ገደቡን ያነሳል፣ በመጨረሻ ቢሰራለት እንኳን የቱ እንደሰራለት አያውቅም፣ ሰርቨሩም ክፍቱን ይቀራል። እኔ የምለው መጀመሪያ ፋይሉ የት እንደቆመ እወቁ፣ ሴቲንግ መንካት ከዛ በኋላ ነው።

ከቶጎጫሌ ተጭኖ ድሬ የሚገባ እቃ በየኬላው ይፈተሻል፣ እቃው ሳይደርስ ሲቀር ባለቤቱ «መጨረሻ የታየው የት ነው» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ፋይልም እንደዛው ነው። ከብራውዘሩ ይነሳል፣ መጀመሪያ ዌብ ሰርቨሩን፣ ማለትም ኤንጂንኤክስን ወይ አፓቺን ያገኛል፣ ቀጥሎ ፒኤችፒ ይረከበውና ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ እናንተ የጻፋችሁት ኮድ መስራት የሚጀምረው ከዚ ሁሉ በኋላ ነው፣ ፋይሉን አንስቶ ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውረዋል። ይቺን ልብ በሉ፣ የናንተ ኮድ ያለው መጨረሻው ኬላ ላይ ነው፣ ስለዚ ፋይሉ ቀድሞ ቀርቶ ከሆነ ኮዱን ሌሊቱን ሙሉ ብታነቡት ምንም አታገኙም።

እና ከየት ትጀምራላችሁ፣ ከብራውዘሩ። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12 ተጫኑ፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ፣ ፎቶውን ጫኑና ሰርቨሩ የመለሰውን ቁጥር እዩ። 413 ከሆነ ፋይሉ ፒኤችፒ ጋር አልደረሰም፣ የመጀመሪያው ኬላ ነው የመለሰው። ኤንጂንኤክስ ክላየንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ የሚባል ሴቲንግ አለው፣ ምንም ካልተጻፈበት 1 ሜጋ ነው፣ ማለትም ከፒኤችፒውም ያነሰ ነው። ኤረር ሎጉን ብትከፍቱ «ክላየንት ኢንተንድድ ቱ ሴንድ ቱ ላርጅ ቦዲ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። እሱን ወደ 20 ሜጋ ምናምን ከፍ አድርጋችሁ ሪሎድ ማድረግ ነው።

ቁጥሩ 200 ከሆነ ግን ጥያቄው ፒኤችፒ ጋር ደርሷል። አሁን ኮዳችሁን ክፈቱ። አብዛኛው ሰው ኮድ ውስጥ ያለው «ፋይሉን አዛውር፣ ካልሆነ አልተሳካም በል» የሚል ነገር ነው፣ «አልተሳካም» ደግሞ ለማንም ምንም አይነግርም፣ ለናንተም ለደንበኛውም። ፒኤችፒ እያንዳንዱን ፋይል ሲቀበል የኤረር ቁጥር ይመዘግብበታል፣ ዶላር አንደርስኮር ፋይልስ ውስጥ (ከዚ በኋላ ፋይልስ ብቻ ልበለው) ኤረር በሚለው ስም ተቀምጧል። እሱን ሎግ ላይ አስጽፉት። 0 ማለት ሰላም ገብቷል። 1 ማለት አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ ከሚባለው የፒኤችፒ ገደብ በልጧል፣ የታይዋኗ ደንበኛዬ ይሄ ነበር። 2 ማለት ፎርሙ ውስጥ ራሳችሁ ደብቃችሁ ያስቀመጣችሁት ማክስ ፋይል ሳይዝ የሚባል ገደብ አልፏል። 3 ከሆነ ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ተቋርጧል፣ 4 ከሆነ ሰውየው ፋይል ሳይመርጥ ነው የላከው፣ 6 ከሆነ ጊዜያዊው ፎልደር የለም፣ 7 ከሆነ ዲስኩ ላይ መጻፍ አልተቻለም፣ 8 ከሆነ አንዱ የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን አስቁሞታል። 5 የሚባል የለም፣ አትፈልጉት።

ቁጥሩ ጭራሽ ከሌለ፣ ማለትም ፋይልስ ባዶ ከሆነ፣ ሁለት ትልልቅ ምክንያቶች አሉ፣ የሚለዩትም በአንድ ሙከራ ነው። 50 ኪሎባይት የምታክል ትንሽ ፎቶ ጫኑ። እሷም ባዶ ካመጣች ችግሩ ፎርሙ ጋር ነው። የፎርሙ ታግ ላይ ሜተድ ፖስት መሆን አለበት፣ ኢንክታይፕ ደግሞ መልቲፓርት ስላሽ ፎርም ዳታ መሆን አለበት፣ ይሄ ከተረሳ ብራውዘሩ የሚልከው የፋይሉን ስም ብቻ ነው፣ ፋይሉን አይልክም። የፋይል መምረጫው ኢንፑት ኔም ከሌለው ወይ ዲሴብልድ ከሆነም አይላክም። በጃቫስክሪፕት ፌች የምትልኩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፣ ፎርም ዳታ ስትልኩ ኮንተንት ታይፑን በእጃችሁ አትጻፉ፣ ብራውዘሩ ራሱ ባውንደሪ የሚባለውን መለያ ጨምሮ ነው የሚጽፈው፣ እናንተ ከጻፋችሁት መለያው ይጠፋል፣ ፒኤችፒ ደግሞ ያለመለያው የቱ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ትንሿ ገብታ ትልቋ ብቻ ባዶ ካመጣች ፖስት ማክስ ሳይዝ ነው። ይሄ ገደብ አንዱን ፋይል ብቻ አይቆጥርም፣ በአንድ ጊዜ የተላከውን ሁሉ ደምሮ ነው የሚቆጥረው፣ ሳይነካ 8 ሜጋ ነው፣ ሲታለፍ ደግሞ ፒኤችፒ ፋይሉንም ሌላውንም የፎርም ዳታ በሙሉ ባዶ ያደርገዋል። በጣም የሚያደናግረው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የእቃው ስም ተጽፎ ሳለ «ስም አልጻፉም» የሚል መልስ ይመጣል፣ ወይ በእጃችሁ የጻፋችሁት የሲኤስአርኤፍ ቼክ (ፎርሙ ከራሳችሁ ሳይት መምጣቱን የሚያጣራ) ካለ «ሴሽንዎ አልቋል» ይላል፣ እናንተም ሴሽን ስትፈትሹ ትውላላችሁ። ስለዚ ኮዱ መጀመሪያ ላይ ሜተዱ ፖስት ሆኖ፣ ዶላር አንደርስኮር ፖስትም ፋይልስም ባዶ ሆነው፣ ኮንተንት ሌንግዝ (የተላከው ዳታ መጠን) ግን ከዜሮ በላይ ከሆነ «የላኩት ፋይል በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልስ አስቀምጡ። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ቢያውቅ ራሱ ያስተካክለዋል፣ ለናንተ አይደውልም።

አሁን ሴቲንጉን ስትቀይሩ። ፖስት ማክስ ሳይዝ ሁሌ ከአፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ መብለጥ አለበት፣ ለምሳሌ 10 ለፋይሉ 12 ለፖስቱ። ስትጽፉ ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤም ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ኤምቢ ብላችሁ ሁለት ፊደል ከጻፋችሁ ፒኤችፒ ኤሟን አያያትም፣ 10 ሜጋ ያላችሁት 10 ባይት ይሆናል። ኮዱ ውስጥ አይኤንአይ ሴት ብላችሁ ልትቀይሩት ብትሞክሩም አይሰራም፣ ቅድም እንዳልኩት ኮዱ ሲጀምር ፋይሉ አልፏል ወይ ተመልሷል።

ሌላው ትክክለኛውን ፋይል መቀየራችሁን አረጋግጡ። ኡቡንቱ ላይ ለተርሚናል አንድ፣ ለኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለሳይቱ የሚያስኬደው) ደግሞ ሌላ የፒኤችፒ አይኤንአይ ፋይል አለ፣ ተርሚናል ላይ ያያችሁትን ቀይራችሁ ሳይቱ ላይ ምንም ለውጥ ካላያችሁ ለዛ ነው። ፒኤችፒ ኢንፎ የምትለዋን ፈንክሽን አንድ ገጽ ላይ ጻፉና በብራውዘር ክፈቷት፣ ሎድድ ኮንፊገሬሽን ፋይል የሚለው መስመር ላይ ያለውን ነው የምትቀይሩት፣ ከዛ ኤፍፒኤምን ሪስታርት አድርጉ። ገጹን እዛው አጥፉት፣ ስለሰርቨራችሁ ብዙ ነገር ለማንም ያሳያል። ሆስቲንግ ተከራይታችሁ ዋናው ፋይል ጋር የማትደርሱ ከሆነ ነጥብ ዩዘር ነጥብ አይኤንአይ የሚባል ፋይል ሳይቱ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ግን እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁት፣ ፒኤችፒ በየ300 ሰከንዱ ነው የሚያነበው። ድሮ ኤችቲአክሰስ (የአፓቺ ሴቲንግ ፋይል) ላይ ይጻፍ የነበረው ፒኤችፒ ቫልዩ የሚለው በኤፍፒኤም አይሰራም፣ ሳይቱን በሙሉ 500 ኤረር ያደርገዋል።

መንገድ ላይ መቋረጡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኛ አገር ብዙ የሚመጣው እሱ ስለሆነ። መብራት ሄዶ ራውተሩ ይጠፋል፣ ወይ ሰውየው በሞባይል ዳታ እየጫነ ከከዚራ ሳቢያን በባጃጅ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ኤንጂንኤክስ ምንም ዳታ ሳይመጣለት 60 ሰከንድ ከቆየ ራሱ ይዘጋዋል፣ ያኔ ብዙ ጊዜ ፒኤችፒ ጋር ስለማይደርስ 3 ቁጥሩንም አታዩትም። ጊዜውን ማርዘም ይቻላል፣ እኔ ግን መፍትሄው እሱ ነው ብዬ አላምንም። 4 ሜጋ ፎቶ በሰውየው ካርድ ነው የሚላከው፣ ሳይቱ ላይ የሚታየው ደግሞ የስልክ ስክሪን የምታክል ምስል ናት። ፎቶውን ከመላኩ በፊት እዛው ብራውዘሩ ውስጥ በካንቫስ (የብራውዘሩ የምስል መሳያ) ወደ 1280 ፒክስል አሳንሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ የሰው ዳታም አይባክንም። ለደንበኛዬ ያደረግኩላት ይሄን ነው፣ የሰርቨሩን ገደብ ከፍ ያደረግኩት ማሳነሱ ለማይሰራባቸው ስልኮች ብዬ ትንሽ ብቻ ነው።

6 እና 7 ሲመጣ ዲስኩን እዩ። ተርሚናል ላይ ዲኤፍ ዳሽ ኤች በሉ፣ 100 ፐርሰንት ካለ ሞልቷል። ቦታ አለ እያለ እምቢ ካለ ዲኤፍ ዳሽ አይ በሉ፣ አይኖድ የሚባለው (እያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መመዝገቢያ) አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሺ ትንንሽ የካሽና የሴሽን ፋይሎች ሲጠራቀሙ ይሄ ይደርሳል።

ቁጥሩ 0 ሆኖ ፋይሉ ቦታው ላይ ከሌለ አሁን የናንተ ኬላ ነው። ጊዜያዊው ፋይል ኮዱ እንዳለቀ ይጠፋል፣ ስለዚ ሙቭ አፕሎድድ ፋይል በሚለው እዛው ማዛወር ግድ ነው። እሱ እምቢ ካለ ወይ ፎልደሩ የለም ወይ ፒኤችፒ እዛ የመጻፍ ፍቃድ የለውም። የፎልደሩን መንገድ በዲር ኮንስታንት (ሁለት አንደርስኮር ከፊት ሁለት ከኋላ) ጀምራችሁ ሙሉውን ጻፉት። ቤት ውስጥ ዊንዶውስ ላይ በዛምፕ ሰርቶ ሰርቨር ላይ እምቢ ካለ የፎልደሩን ስም ፊደል እዩ፣ ሊነክስ ትልቁን ዩ እና ትንሹን ዩ እንደተለያዩ ነው የሚቆጥረው። ፍቃዱን በተመለከተ 777 አታድርጉ፣ እባካችሁ። ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘር እዛ ይጻፍ ማለት ነው። ፒኤችፒ በማን ስም እንደሚሰራ እዩ፣ ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ዳሽ ዳታ ነው፣ ፎልደሩን የሱ አድርጉትና 755 ይበቃል። ፍቃዱ ትክክል ሆኖ አሁንም እምቢ ካለና ሰርቨሩ አልማሊነክስ ወይ ሮኪ ከሆነ ኤስኢሊነክስን (ከፎልደር ፍቃዱ በላይ ያለ ተጨማሪ ጥበቃ) ጠርጥሩ።

የፋይል ስም ላይም ተጠንቀቁ። የኛ ሰው ፋይሉን በአማርኛ ይሰይማል፣ መብቱም ነው። ግን አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ውስጥ 3 ባይት ይወስዳል፣ ሊነክስ ላይ ደግሞ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፣ ስለዚ ከ85 ፊደል በላይ የሆነ ስም አይቀመጥም፣ ደብዳቤና ማመልከቻ የሚጭኑ ሰዎች ረጅም ስም ስለሚሰጡ ይሄ አንዳንዴ ይደርሳል። ፋይሉን ራሳችሁ በፈጠራችሁት የዘፈቀደ ስም አስቀምጡት፣ የሰውየውን ስም ዳታቤዝ ውስጥ ያዙለት፣ ሲያወርደው በራሱ ስም ያገኘዋል። ይሄ ለደህንነትም ነው፣ ስሙን እንደመጣ የሚያስቀምጥ ሳይት ላይ አንዱ ነጥብ ፒኤችፒ የሚል ፋይል ጭኖ በብራውዘር ቢከፍተው ሰርቨሩ የሱ ሆነ ማለት ነው። ኤክስቴንሽኑን ከምትፈቅዷቸው ጥቂቶች ጋር አስተያዩ፣ የፋይሉን አይነት ደግሞ ፋይንፎ በሚለው የፒኤችፒ መሳሪያ ራሳችሁ አንብቡ፣ ፋይልስ ውስጥ ታይፕ የሚለውን አትመኑ፣ እሱን የሚጽፈው ላኪው ነው።

የደንበኛዬ ነገር ከዛ በኋላ ደህና ሄደ፣ የሆነ ሳምንት ግን ደውላ «31 ፎቶ መርጬ ላክኩ፣ የገባው 20 ብቻ ነው» አለችኝ። ኤረር የለም፣ ሁሉም 0 ነው። ይሄ ማክስ ፋይል አፕሎድስ የሚባለው ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ፋይል ከተላከ ፒኤችፒ የተረፈውን ይተወዋል፣ ቢበዛ ሎግ ላይ አንድ ዋርኒንግ ነው የሚጽፈው። ቁጥሩን 50 ማድረግ ይቻል ነበር፣ እኔ ግን ጃቫስክሪፕቱን ቀየርኩት፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ይልካል፣ አንዱ መሀል ላይ ቢቋረጥ እሱን ብቻ ደግሞ ይሞክራል፣ እሷም ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ስልኳ ላይ ታየዋለች።