የሂሳብ ሠራተኛ ጥንቃቄ ለግል ኪስ

ሙያዬ ሂሳብ ነው። እኛ ጋ አስተዋይነት ስም አለው፤ «የጥንቃቄ መርህ» ይባላል። ሊመጣ ያጋደለን ኪሳራ ቀድሞ መመዝገብ፣ ትርፉን ግን እስኪረጋገጥ መጠበቅ ነው።

በ100 የገዛችሁት እቃ ገበያው ወርዶ 80 ብቻ ያወጣል እንበል። ለመሸጥ ደግሞ 5 ወጪ አለው። መዝገቡ ላይ 75 ተብሎ ይሰፍራል። ዋጋው 130 ቢገባስ? እስኪሸጥ ድረስ ያው 100 ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» እዚህ አይሠራም።

ቤት ውስጥም ይኸው ነው። ወረቀት አውጡና ያላችሁን ጻፉ። ይጨመራል የተባለ ደመወዝ አይገባም። ያበደራችሁት ሰው ስልክ ማንሳት ካቆመ፣ ያንን ገንዘብ ለኪራይ አታስቡት።

ከባዱ ዋስትና ነው። ለጓደኛችሁ ብድር ፈርማችኋል። በሰዓቱ እየከፈለ ከሆነ ከወረቀቱ ግርጌ ማስታወሻ ይበቃል። ወር መዝለል ጀምሮ ዕዳው ወደ እናንተ የመዞሩ ነገር ካመዘነ ግን፣ ባንኩ እስኪደውል አትጠብቁ። ከዚህ ወር ጀምራችሁ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ። ይሉኝታው ይቆያል፣ ሂሳቡ አይቆይም።

አሁን ወደ ሌላው ጥግ። በደህና ዓመት ለሚመጣ ኪሳራ የሚይዙትን መጠባበቂያ ሆን ብለው ያሳብጡና በክፉ ዓመት እየፈቱ ትርፍ የሚያስመስሉ ድርጅቶች አሉ። ይህ ጥንቃቄ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው። የዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድም ጥንቃቄ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል ብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. ቃሉን ደረጃዎቹ ከሚመሠረቱበት የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ አውጥቶት ነበር። በ2018 መለሰው፤ ግን ሀብትን አሳንሶ ማሳየትም አይፈቀድም ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። በበኩሌ መመለሱ ደግ ነው። እርግጠኛ ባልሆኑበት ነገር ላይ ሲወስኑ ቆም ማለትን የሚተካ ሌላ ነገር አላየሁም።

ስለዚህ ገንዘብ እያለ «የለኝም» እያሉ ሕክምና ማራዘምም ሂሳብ ማዛባት ነው። ያለው አለ ተብሎ ይጻፍ።

ወረቀቱን በየወሩ መጨረሻ እዩት። ጓደኛችሁ ውዝፉን ከፍሎ መስመር ከያዘ ያስቀመጣችሁትን ልቀቁት። ለምን እንደለቀቃችሁ ግን ጎኑ ላይ በአንድ መስመር ጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር ትረሱታላችሁ።