ዞምቢው ምን ይዟል? የፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ስደርስ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ "ገባ! ገባ! ቤት ገባ!" እያለ ይጮሃል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ባልዲ የደፋ አንድ ዞምቢ ግቢውን ሙሉ አቋርጦ በሩ ላይ ደርሷል። ልጁ በዚያ መስመር የተከለው አንድ ፒሹተር፣ አተር የሚተፋ ተክል፣ ብቻ ነበር። ምስኪኑ ፒሹተር አተሩን ሲተፋ ሲተፋ ቆይቶ ተበላ።

ጨዋታው ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ ነው። ፖፕካፕ የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የመጀመሪያው። ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለማያውቁት፦ አንድ የአሜሪካ ሰፈር ቤት አለ። ፊት ለፊቱ በአምስት መስመርና በዘጠኝ ዓምድ የተከፈለ ሳር አለ። ዞምቢዎች ከቀኝ፣ ከመንገዱ በኩል ይመጣሉ። እናንተ ከቤቱ በኩል ተክል እየተከላችሁ ትመክታላችሁ። አንዱ ከገባ ጭንቅላታችሁን በላ፣ ጨዋታው አለቀ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ልጁ በየቀኑ እየደወለ ይጠይቀኛል። ስመልስለት ሁልጊዜ የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ "ያሸነፈህ ዞምቢ ምን ይዞ ነበር?" ዞምቢዎቹ ያስቃሉ። አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አንዱ መሰላል ይሸከማል፣ አንዱ ፊኛ ይዞ ይንሳፈፋል። እንዴት እንደሚሸነፍ የሚነግራችሁ ያው የሚያስቀው ዕቃ ነው።

አንድ ችግር ግን ከዞምቢዎቹ ይቀድማል።

"ፀሐይ አለቀብኝ"

ተክል የሚገዛው በፀሐይ ነው። ዞምቢ እየመጣ ነው፣ መትከል ፈልጋችኋል፣ የፀሐዩ ቁጥር 25 ላይ ተገትሯል። ይህ የሁሉም ጀማሪ ችግር ነው።

ምክንያቱን አሁን ባለበት ሰዓት አትፈልጉት። የተፈጠረው ከሁለት ደቂቃ በፊት ነው። ጨዋታው ሲጀመር 50 ፀሐይ ይሰጣችኋል። ልጆች መቶ እስኪሞላ ጠብቀው ፒሹተር ይተክላሉ። ተኳሽ ስለሆነ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ፒሹተር ፀሐይ አይሰጥም። የሱፍ አበባ ዋጋዋ 50 ነው፣ በየ24 ሰከንዱ ገደማ 25 ፀሐይ ትሰጣለች። ሁለቴ ከሰጠች ወጪዋን መለሰች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የምትሰጠው ሁሉ ትርፍ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዋ 50 አበባ ትከሉ። ከሰማይ የምትወርደውን ፀሐይ አንዷንም ሳትዘሉ ልቀሙ። ሌላ 50 ሲሞላ ሌላ አበባ ጨምሩ። ከቤቱ በኩል ያሉት ሁለት ዓምዶች በአበባ እስኪሞሉ ልባችሁ ወደ ሌላ አይሂድ።

"እስከዚያ ዞምቢው ቢበላኝስ?" አለኝ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ዞምቢ ብቻውን ነው የሚመጣው፣ እግሩን እየጎተተ። አንዷን ካሬ ለማለፍ ወደ 5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ለእሱ 100 ፀሐይ ማውጣት ብክነት ነው። ገና መንገዱ ላይ ሳለ በእሱ መስመር፣ ከአበቦቹ ፊት፣ የ25 ፀሐይ የድንች ፈንጂ ቅበሩ። ፈንጂዋ ተዘጋጅታ ከአፈር ብቅ እስክትል 15 ሰከንድ ያህል ትፈልጋለች። ዞምቢው አፍንጫችሁ ሥር ከደረሰ በኋላ ከቀበራችኋት ግን ሳትነቃ ትበላለች።

ሌሊት ሌላ ነው። ከሰማይ ፀሐይ አይወርድም። ያኔ የ25 ፀሐይ እንጉዳይ፣ ሰንሽሩም፣ የአበባዋን ቦታ ይይዛል። ለመከላከያ ደግሞ ፓፍሽሩም አለ። ዋጋው ዜሮ ነው። በነፃ የተሰጣችሁን ተክል አትናቁ፣ የሌሊቱን የመጀመሪያ ደቂቃዎች የሚያሻግራችሁ እሱ ነው።

"ባልዲ ያደረገው አይወድቅም"

የቅዳሜው ችግር ይህ ነበር። ልጁ ጨዋታው የተበላሸ መስሎታል። እንዲያምነኝ ብዬ አጠገቤ አስቀምጬው አብረን አተር ቆጠርን። ተራው ዞምቢ ላይ ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መሃል ላይ ክንዱ ተገንጥሎ ወደቀ። አሥረኛው አተር ሲመታው ጭንቅላቱ ተንከባለለ። ልጁ ሳቀ። ቀጥሎ ራሱ ላይ የትራፊክ ኮን የሰካው መጣ። 28 አተር ፈጀ። ባልዲው ጋ ስንደርስ ልጁ መቁጠሩ ሰለቸውና እኔ ጨረስኩለት፦ 65።

አሁን ሂሳቡን ሥሩት። አንድ ፒሹተር በየአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ አንድ አተር ይተፋል። 65 አተር ለመትፋት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ያስፈልገዋል። ዞምቢው ደግሞ ዘጠኙን ካሬ በ45 ሰከንድ ገደማ ያቋርጣል። አንድ ፒሹተር ባልዲውን መቼም አይጥለውም። ሦስት ፒሹተር በአንድ መስመር ካሰለፋችሁ ግን ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ በላይ ይበቃቸዋል። ሦስት ለመትከል አቅም ካጣችሁ ከፊታቸው ዎልነት፣ እንደ ግድግዳ የሚያገለግለውን ለውዝ፣ አስቀምጡ፣ 50 ፀሐይ ነው። ዞምቢው እሱን ሲቆረጥም ፒሹተሮቹ ጊዜ ያገኛሉ። ስኖው ፒ፣ የበረዶ አተር የሚተፋው፣ ካላችሁ በመስመሩ አንድ ጨምሩ፣ ዞምቢውን ያቀዘቅዘዋል። ሁለተኛ መጨመር ግን ከዚያ በላይ አያዘገየውም። 175 ፀሐያችሁን ለሌላ መስመር አስቀምጡት።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሄ የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው። ማግኔት እንጉዳይ። 100 ፀሐይ ነው። ባልዲውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ይወስድበታል፣ የቀረው ተራ ዞምቢ ነው። ኮኑን ግን አይነካውም። ፕላስቲክ ነዋ! ልጁ ይህ ሲገባው ዓይኑ በራ። ከዚያ ብረት የያዘውን ሁሉ መለየት ጀመረ፦ ባልዲ፣ የፉትቦል ተጫዋቹ ሄልሜት፣ የሽቦው በር፣ የቆፋሪው ዶማ፣ መሰላሉ። ሁሉንም ማግኔቱ ይወስዳል። ጋዜጣ? አይወስድም።

የጨዋታው ፈጣሪ ጆርጅ ፋን እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ እናቱን ይህን ጨዋታ እንዴት እስከ መጨረሻ እንዳጫወታት ተናግሯል። ከዘዴዎቹ አንዱ ስክሪን ላይ ቃል አለማብዛት ነበር። ያን ሳውቅ ባልዲው ይበልጥ ገባኝ። ማብራሪያ ሳይጻፍ፣ እንግሊዝኛ የማያነብ ሕፃን እንኳ ባልዲ ከኮን እንደሚጠነክር ያውቃል።

"ዘሎኝ ሄደ"

ምልክት፦ ረጅም ምርኩዝ የያዘው እየሮጠ መጥቶ ዎልነታችሁን እንደ ስፖርተኛ ዘለለው።

ምክንያት፦ ምርኩዝ ዘላዩ ፊቱ ያገኘውን የመጀመሪያ ተክል ይዘለዋል። አንዴ ብቻ። ከዚያ ምርኩዙን ይጥልና እንደ ሌሎቹ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

መፍትሄ፦ የሚዘለውን ርካሽ ነገር ራቅ አድርጋችሁ ስጡት፣ ዋናውን ግድግዳ ከኋላ አቁሙ። ሌሊት ከሆነ ነፃው ፓፍሽሩም ለዚህ ይሆናል። ቶልነት ካገኛችሁ ግን መላ መፈለግ አያስፈልግም። 125 ፀሐይ ነው፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ዘላዩ ይጋጨውና እዚያው ይቀራል። የውሃ ገንዳ ባለባቸው ደረጃዎች በዶልፊን እየጋለበ የሚመጣውንም የሚያቆመው ያው ቶልነት ነው።

"ሽማግሌው አበደብኝ"

ጋዜጣ የሚያነበው። ጋዜጣውን ስትቀዱበት ይናደድና መሮጥ ይጀምራል። በሩቅ ሳለ ቅደዱበት፣ ወይም ስኩዋሽ፣ ዘሎ የሚወድቅበት ዱባ መሳዩ ተክል፣ ይጨፍልቀው። ከአበቦቻችሁ አጠገብ እስኪደርስ አትጠብቁ።

"እንጉዳዩ ተኝቷል"

እንጉዳይ ተከላችሁ። አይተኩስም፣ ያንኮራፋል። ብልሽት አይደለም፣ ቀን ስለሆነ ነው። በዚህ ጨዋታ እንጉዳይ ሁሉ የሌሊት ፍጥረት ነው። ቀን ላይ ማግኔቱን ወይም ፊዩምሽሩምን ከፈለጋችሁ መቀስቀሻው የቡና ፍሬ ነው፣ 75 ፀሐይ። ፍሬዋን እንጉዳዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ዓይኑን ገልጦ ሥራ ይጀምራል። ይህን ለእናቴ ሳሳያት "ታዲያ ያለ ቡና ማን ይነቃል?" አለች።

ፊዩምሽሩምን ካነሳን፦ የሽቦ በር እንደ ጋሻ የያዘ ዞምቢ አለ። ስኖው ፒ አያቀዘቅዘውም፣ በረዶው በሩ ላይ ይቀራል። የፊዩምሽሩም ጭስ ግን በሩን አልፎ ሰውየውን ያገኘዋል። ባለ በሩ በሚበዛበት ሌሊት ፊዩምሽሩም ከፊት ይሁን፣ ጭሱ ሩቅ አይሄድምና።

"ከኋላ ተበላሁ"

በዚህ ልጁ አለቀሰ። ፊት ለፊቱ ግንቡ ሙሉ ነበር። ድንገት አበቦቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ፣ ያውም ከቤቱ በኩል።

ምክንያቱ ዶማ የያዘው፣ የማዕድን ሠራተኛ የሚመስለው ቆፋሪ ነው። ከመሬት በታች መስመሩን በሙሉ አልፎ ከግራ ጫፍ ይወጣና ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ መብላት ይጀምራል። ፒሹተሮቻችሁ ሁሉ የሚያዩት ወደ መንገዱ ነው። ከኋላቸው ማንም የለም።

መፍትሄው ወደ ኋላም የሚተኩስ ተክል ነው። ስፕሊት ፒ፣ 125 ፀሐይ፣ ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ ሁለት አተር ይተፋል። በየመስመሩ አንድ ከአበቦቹ ፊት ትከሉ። ማግኔቱም ዶማውን ከወሰደበት መቆፈሩን ያቆማል። ልጁን ያጽናናሁት እንዲህ ብዬ ነው፦ ቆፋሪው የሚመጣው ጉም ባለበት ሌሊት ነው፣ ማግኔትህም በዚያ ሰዓት ንቁ ነው።

በዚያው ጉም ውስጥ ፊኛ የያዘውም አለ። አተር አይነካውም፣ ከላይ ያልፋል። ካክተስ ፊኛውን ይወጋበታል። ካክተስ ካልመረጣችሁ ብሎቨር በአንድ ንፋስ ባለ ፊኛዎቹን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል።

"ጥሩ ጥሩውን ተከልኩ፣ ግን ባሰብኝ"

ስኖው ፒ ተክላችሁ ከፊቱ ቶርችዉድ፣ የሚነደውን ግንድ፣ አስቀመጣችሁ? እሳቱ የተራውን አተር ጉዳት እጥፍ ያደርጋል፣ የበረዶውን አተር ግን ያቀልጠዋል። 350 ፀሐይ አውጥታችሁ ተራ አተር ታገኛላችሁ። አንዱን ምረጡ።

ጣሪያው ላይም ተመሳሳይ ብስጭት አለ። ጣሪያው ተዳፋት ነው፣ በቀጥታ የሚተፋው አተር ክዳኑን እየመታ ይቀራል። እዚያ በ25 ፀሐይ ማሰሮ አስቀምጣችሁ ወደ ላይ የሚወረውሩትን ትተክላላችሁ፦ ካቤጅ ፑልት፣ ከርነል ፑልት፣ አቅም ሲኖር ሜለን ፑልት።

"ያ ግዙፉ ሁሉንም ጨፈለቀ"

ጋርጋንቱር። የመብራት እንጨት ወይም የመንገድ ምልክት እንደ ዱላ ይዟል፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ዞምቢ አዝሏል። ዎልነት ፊቱ ምንም አይደለም፣ በአንድ ምት ይደቁሰዋል። አንድ ቼሪ ቦምብ አይገድለውም። ከግማሽ በላይ ሲጎዳ ደግሞ ያዘለውን አንስቶ ወደ አበቦቻችሁ ይወረውረዋል።

ሁለት ፈንጂ ያስፈልገዋል። ቼሪ ቦምብ ተጥሎ እንደገና እስኪዘጋጅ ወደ 50 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ሁለተኛው ሌላ ዓይነት ይሁን፣ ለምሳሌ ሃላፔኞ፣ መስመሩን በሙሉ የሚያቃጥለው ቃሪያ። ሁለቱን በላይ በላይ ካደረጋችሁ ትንሹን ለመወርወር ጊዜ አያገኝም። ልጁ ቼሪ ቦምቡን ለሦስት ተራ ዞምቢ ያባክናል፣ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። 150 ፀሐይ ነው። ከታች ያለው መለኪያ ላይ ሰንደቅ አለ፣ ሰንደቁ ሲደርስ ትልቁ መንጋ ይመጣል። ቼሪ ቦምቡ ለዚያ ይቆይ።

ሳር ማጨጃው ከሄደ

በየመስመሩ ጫፍ አንድ ሳር ማጨጃ ቆሟል። ዞምቢ ሲደርስበት ተነስቶ መስመሩን ያጸዳል፣ በአንድ ደረጃ አንዴ ብቻ። ልጁ ማጨጃው ሲነሳ ያጨበጭባል። እኔ ግን ያን መስመር እንዲያየው እነግረዋለሁ። ደካማው እዚያ ነው፣ ቀጣዩ ዞምቢ በዚያው በኩል ይገባል። ያላችሁን ፀሐይ ወዲያው እዚያ አውሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት

አብዛኛው ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ደረጃው ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑ ወደ ቀኝ ይንሸራተትና መንገዱን ያሳያል። የሚመጡት ዞምቢዎች እዚያ ቆመው ይወዛወዛሉ። ዘራችሁን የምትመርጡት እነሱን እያያችሁ ነው። መጀመሪያ ላይ የዘር ቦታው ስድስት ብቻ ነው፣ የማይጠቅም ዘር መያዝ አያዋጣም።

ትናንት ማታ ልጁ ደወለ። ስልኩን ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጦ ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር፦ "ባልዲ አለ። መሰላል አለ። ኮን አለ። ፊኛ የለም።" ትንሽ ዝም አለ። "ካክተሱን ትቼ ማግኔት ልያዝ አይደል?" አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ስልኩን ዘጋው።