«ጨጓራ ነው» ተብሎ መድኃኒቱ ሲያቅት፦ የኢዮሲኖፊል ጨጓራ ብግነት እንዴት ተመርምሮ ይታወቃል?

ጨጓራ በእኛ ዘንድ የአካሉም የበሽታውም ስም ነው። አንድ ወጣት ሆዱን ሲያመው «ጨጓራ ነው» ይባላል፣ ኦሜፕራዞል ይገዛለታል፣ በቃ። ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ሆኖ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ስንመላለስ ሁለት ዓመት ሊሞላን ሲል ነው ሕመሙ ስም ያገኘው፦ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የጨጓራውን ግድግዳ ወርረው አስቆጥተውታል። ብርቅ በሽታ ነው፤ ምርመራው ግን ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ምልክቱን በደብተር ይጻፉ። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ክብደት መቀነስ፣ አስም ወይም አለርጂ ካለም እሱን። ወንድሜ ሁለት ጉርሻ ሽሮ በልቶ እጁን ይሰበስብ ነበር፤ እናታችን ኩርፊያ መስሏት ትቆጣዋለች። ቶሎ መጥገቡ ራሱ ምልክት መሆኑን ማን ነገረን? ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ቀጥሎ ደምና ሰገራ። በደም ምርመራው ወረቀት ላይ ኢዮሲኖፊል የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ በአንድ ማይክሮሊትር ከ500 በላይ ከሆነ ጨምሯል። ባይጨምርም በሽታው የለም ማለት አይደለም። በአገራችን ደግሞ ኢዮሲኖፊልን የሚያበዛው ብዙውን ጊዜ የሆድ ትል ወይም ቢልሃርዝያ ነው። ስለዚህ ሰገራ አንዴ ታይቶ «ምንም የለም» ቢባል አይበቃም፤ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይታይ። አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው፦ ለዚህ በሽታ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ባለበት ሰው ላይ ከተጀመረ፣ ትሉ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ የሚፈልገው የሰገራ ምርመራም ይሠራ፤ ሐኪሙ ፈቅዶ ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ቀድሞ ካልቆመ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ቁርጡ የሚለየው በኢንዶስኮፒ ነው፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራው ይታያል፣ ከግድግዳውም ትንሽ ቁራጭ ለናሙና ይወሰዳል። ከኮምቦልቻ በማለዳ በባዶ ሆድ ነው የሚወጣው፤ ማደንዘዣ ከተሰጠው ብቻውን መመለስ ስለማይችል አንድ ሰው ይከተለው። ጨጓራው በካሜራ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የወንድሜ የመጀመሪያው ኢንዶስኮፒ ናሙና ሳይወሰድ «ደህና ነው» ተብሎ ነው ያለቀው፤ ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። ብግነቱ እዚህ ኖሮ እዚያ ስለማይኖር፣ ገና ሳይተኛ «ዶክተር፣ ደህና ቢመስልም ከተለያየ ቦታ ናሙና ይውሰዱልን» ይበሉ። ከጨጓራው 8 ያህል፣ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያም ጥቂት ቢወሰድ ጥሩ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ ፎርማሊን ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች።

ከናሙናው ጋር የሚሄደው ወረቀት ላይ «ኢዮሲኖፊል ይቆጠር» ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ «የቆየ የጨጓራ ብግነት» የሚል ውጤት ብቻ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። በማይክሮስኮፕ ከፍተኛ ማጉያ በአንድ የእይታ መስክ 30 ወይም ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል፣ ቢያንስ በ5 መስኮች ከተቆጠረ፣ ትልና ሌላው መንስኤም ከተወገደ፣ በሽታው ይህ ነው ይባላል። ፕሬድኒሶሎን ግን ናሙናው ሳይወሰድ አይጀመር፤ ሴሎቹን ስለሚያጠፋ የሚቆጠር ነገር አይተርፍም።