የአምስት ቀኑ ክሪኬት በፓውዛ ይካሄድ ወይስ አይካሄድ? በክርክሩ ውስጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከ1877 ጀምሮ በቀን ብቻ ሲካሄድ የኖረው የአምስት ቀኑ ክሪኬት፣ ማለትም ቴስት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምሽት የተሻገረው አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ኖቬምበር 27 ቀን 2015 በአውስትራሊያዋ ከተማ አደሌድ ላይ ሲገናኙ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አላባራም። አንዱ ወገን መብራቱ ጨዋታውን ከመረሳት አተረፈው ሲል፣ ሌላው ደግሞ የአምስት ቀን ትዕግሥትን የዕጣ ጉዳይ አደረገው ይላል። እኔ ቦታውና ወሩ ተመርጦ ይካሄድ ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም ከሁለቱም በኩል የሚደጋገሙ ስህተቶች እስካልታረሙ ድረስ ክርክሩ ፈቀቅ አይልም።

የመጀመሪያው ስህተት፣ ለውጡ የመብራት ለውጥ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነው።

ምሽት ላይ ከሁሉ በላይ የሚለወጠው ኳሱ ነው። የተለመደው ቀይ ኳስ በፓውዛ ብርሃን ጠቆር ብሎ ስለሚታይ መቺው በጊዜ አይለየውም። ነጩ ኳስ ደግሞ ከተጫዋቾቹ ነጭ ልብስ ጋር ይመሳሰላል፤ ከዚያም በላይ ቶሎ ስለሚያረጅና ስለሚቆሽሽ፣ አዲስ ኳስ የሚጠየቀው ከ80 ኦቨር፣ ማለትም ከ480 ውርወራ በኋላ በሆነበት ጨዋታ አይዘልቅም። ስለዚህ ሮዝ ኳስ ተመረጠ። የቀዩ ኳስ ቆዳ ቀለም ጠጥቶ በቅባት የታሸ በመሆኑ፣ ወርዋሪው ሱሪው ላይ ባሸው ቁጥር አንደኛው ጎኑ ይወለወላል። ሮዙ ግን በመብራት እንዲደምቅ ከላዩ ወፍራም ሽፋን ይቀባል፤ ሽፋኑ ከተፋቀና አፈር ከጠጣ ደግሞ መታየቱ ይቀንሳል። ይህን ለመከላከል የሜዳው ተንከባካቢ በመጫወቻው ንጣፍ ላይ ከወትሮው የበዛ ሣር ይተዋል፤ ሣሩ በተራው የፈጣን ወርዋሪን ኳስ ወደ ግራና ቀኝ ያስታል። እንግዲህ መቺው የሚፈተነው በጨለማው ብቻ ሳይሆን፣ ኳሱን ለመጠበቅ ሲባል በተተወው ሣር ጭምር ነው። የስፌቱ ቀለም እንኳ ችላ የሚባል አልነበረም፤ መቺዎች ኳሱ ወዴት እንደሚሽከረከር የሚያነቡት ከስፌቱ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ አረንጓዴ የነበረው ክር በኋላ በጥቁር ተተክቷል።

ሁለተኛው፣ መቺዎች በተፍረከረኩ ቁጥር መብራቱን መውቀስ ነው።

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ እሰማዋለሁ። በዲሴምበር 2020 ሕንድ አደሌድ ላይ በ36 ራን፣ ማለትም በ36 ነጥብ ብቻ የመምታት ተራዋ ሲያበቃ፣ ብዙዎች የሮዝ ኳስና የምሽት ጣጣ አድርገው አወሩት። ነገር ግን ያ ውድቀት የደረሰው በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። በማርች 2018 እንግሊዝ ኦክላንድ ላይ በ58 ራን የተጠናቀቀችውም ጨዋታው በተጀመረበት ቀን፣ ገና የመጀመሪያው ዕረፍት ሳይደርስ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 አሕመዳባድ ላይ ሕንድና እንግሊዝ ያደረጉት ጨዋታ በሁለት ቀን ሲያልቅም፣ ከወደቁት 30 ዊኬቶች፣ ማለትም መቺዎች ከተሰናበቱባቸው 30 ጊዜያት፣ 28ቱን የወሰዱት ኳስ የሚያሾሩ ወርዋሪዎች ነበሩ፤ መነጋገሪያ መሆን የነበረበት ንጣፉ ነው። በአንጻሩ የፓኪስታኑ አዝሃር አሊ በ2016 ዱባይ ላይ 302፣ የአውስትራሊያው ዴቪድ ዋርነር በ2019 አደሌድ ላይ 335 ራን አስቆጥረው ሳይሰናበቱ የወጡት በዚሁ ሮዝ ኳስ ነው። ሮዝ ኳስ ቀላል ነው አልልም። ማስረጃው ሲቀርብ ግን ውድቀቱ በስንት ሰዓት እንደደረሰ አብሮ ይነገር።

ሦስተኛው፣ ምሽቱን እንደ አንድ ወጥ ጊዜ መቁጠር ነው።

የመቺዎች ትልቁ ጭንቀት ሙሉ ጨለማው አይደለም፤ ከዚያ በፊት ያለው ድንግዝግዝታ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የተፈጥሮውና የፓውዛው ብርሃን ይቀላቀላሉ፣ ሰማዩም ከኳሱ ጋር የሚቀራረብ ቀለም ይይዛል፤ በዚያች ሰዓት አዲስ ኳስ የያዘ ቡድን ትልቅ ብልጫ አለው። በኖቬምበር 2016 አደሌድ ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። የደቡብ አፍሪካው ካፒቴን ፋፍ ዱ ፕሌሲ እርሱ ራሱ 118 ራን አስቆጥሮ ገና እየመታ ሳለ፣ ቡድኑ 9 ዊኬት አጥቶ 259 ላይ እንደደረሰ የመምታት ተራውን በመጀመሪያው ቀን በገዛ ፈቃዱ ዘጋ። ዓላማው አውስትራሊያውያኑን በዚያው ምሽት በአዲስ ኳስ ለመያዝ ነበር። ዋርነር ለሕክምና ከሜዳ ወጥቶ ስለነበር የአውስትራሊያን የመምታት ተራ ወዲያው የመክፈት መብት አልነበረውም፤ ካፒቴኑም ይህን አውቆበታል። በእርሱ ቦታ የወጣው ኡስማን ካዋጃ ግን ያችን ክፉ ሰዓት ታግሶ አሳለፋት፣ በኋላም 145 አደረሰ፤ አውስትራሊያም አሸነፈች። በእኔ ዓይን ይህ ጨዋታውን የሚያረክስ ሳይሆን ካፒቴንን አዲስ ሒሳብ የሚያሳስብ ነው፤ በቀን ብቻ በሚካሄድ ቴስት እንዲህ ያለ ውሳኔ እምብዛም አይታይም።

አራተኛው፣ ለአደሌድ የሠራው ለሁሉም ይሠራል ማለት ነው።

አደሌድ በበጋ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ አብዛኛው የሚካሄደው በቀን ብርሃን ነው፤ ምሽቱም ሞቃትና ደረቅ ነው። በኖቬምበር 2019 ሕንድ ባንግላዴሽን ያስተናገደችበት የኮልካታው ኤደን ጋርደንስ ግን ከዚህ ይለያል። በዚያ ወር ፀሐይ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ወዲያው ጤዛ ይወርዳል። ጨዋታው ከቀኑ 7 ሰዓት ተጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲያበቃ የተደረገውም ጤዛውን ለመሸሽ ነው። ጤዛ ያረፈበትን ሣር አቋርጦ የመጣ ኳስ ሳሙና እንደነካው ያንሸራትታል። ወርዋሪው ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት በፎጣ ቢያብሰውም፣ ኳስ የሚያሾር ጣት ስፌቱን መጨበጥ ያቅተዋል፤ በዚያ አገር ደግሞ የጨዋታው ነፍስ ኳስ ማሾር ነው። ስለዚህ መርሐ ግብር አውጪዎች የስታዲየሙን መቀመጫ ከመቁጠራቸው በፊት የጤዛውን ሰዓት ቢያጠኑ ይሻላል።

አምስተኛው፣ በተመልካች ቁጥር ብቻ መፍረድ ነው። የመጀመሪያው የአደሌድ ጨዋታ በሦስት ቀን ውስጥ 123,736 ሰው አስገብቷል፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ መድረስ መቻሉም ለቴስት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አደሌድ ከከተማው መሐል በእግር የሚደረስበት፣ የክሪኬት ፍቅር የቆየበት ሜዳ ነው፤ ፓውዛ ብቻውን ይህን አይፈጥርም።

ስድስተኛው፣ ሁለት ጉዳዮችን ማደባለቅ ነው። ሰማይ ሲደመን በቀን ጨዋታ ላይ ፓውዛ ቢበራም ዳኞች ተጫዋቾቹን የሚያስወጡት፣ በሥራ ላይ ያለው ኳስ ቀይ ስለሆነ ነው። ያ የቀይ ኳስ ችግር ነው፤ የምሽት ቴስትን ለመቃወምም ሆነ ለመደገፍ አይጠቀስም።

የመጨረሻው፣ በምሽት ጨዋታ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው ብሎ መደምደም ነው። አውስትራሊያ በአገሯ ያደረገቻቸውን 11 የምሽት ቴስቶች በሙሉ ስላሸነፈች፣ ይህ አባባል ለረጅም ጊዜ እውነት መስሎ ቆየ። በጃንዋሪ 2024 ብሪዝበን ላይ ግን የዌስት ኢንዲሱ ሻማር ጆሴፍ፣ ቀደም ባለው ምሽት የእግር ጣቱን በኳስ ተመትቶ ተደግፎ ከሜዳ የወጣው ወጣት፣ በማግስቱ ተመልሶ 68 ራን ብቻ ሰጥቶ 7 ዊኬት ጣለ። የአውስትራሊያው ስቲቭ ስሚዝ በሌላው ጫፍ 91 ላይ ሳይሰናበት ቆሞ ሳለ የመጨረሻው ዊኬት ወደቀ፤ ዌስት ኢንዲስ ያሸነፈችበት ልዩነት 8 ራን ነበር።